ንጹሕ የኦዲት ሪፖርት ለምን ያጠራጥራል?

የድርጅትን አሠራር ከጥራት መስፈርት ጋር የሚያመሳክረው የጥራት ኦዲተር ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ድርጅቱ ሽር ጉድ ይላል። ለወራት ባዶውን የከረመ ፎርም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሞላል። ፊርማ የጎደለው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። የጥራት ፖሊሲው በአዲስ ፍሬም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሠራተኛውም «ያልተጠየቃችሁትን እንዳትመልሱ» ይባላል። ኦዲተሩ መጥቶ ይዞራል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ሪፖርቱም «ግድፈት አልተገኘም» ብሎ ይደመድማል። አለቃው እፎይ ይላል። ፎርሙ ወደ መሳቢያው ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ስህተት አለ። ዕቃ አቅራቢ ይቀየራል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ይለቅና አዲስ ይተካል። ማሽን ያረጃል። ደንበኛ ትእዛዙን በስልክ ይለውጥና ማንም ሳይጽፈው ይቀራል። ይህ ሁሉ እየሆነ ዓመቱን ሙሉ አንድም ነገር ካልተገኘ፣ ወይ በደንብ አልተፈለገም፣ ወይ የተገኘው አልተጻፈም። ሦስተኛ ምክንያት ካለ ለማመን ይከብደኛል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ነገሩ ከየት እንደተነሣ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የጥራት ሥራ አመራር መስፈርት፣ አይኤስኦ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው አይኤስኦ 9001 ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የተነሣው በ1979 ከወጣው የእንግሊዝ መስፈርት፣ ከቢኤስ 5750 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የጦር ኃይሎች ለአቅራቢዎቻቸው ያወጡት ደንብ ነበር። አሜሪካ ሚል-ኪው-9858 የተባለውን ወታደራዊ መስፈርት ያወጣችው በ1959 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገዢው የሚረከበውን ዕቃ አንድ በአንድ መፈተሽ አይችልም። ስለዚህ ዕቃው የሚሠራበትን ሥርዓት ሄዶ ያያል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚያየው ገዢው ነው፣ የሚያየውም በራሱ ገንዘብ ነው። መሣሪያው ቢከሽፍ የሚጎዳውም እሱ ራሱ ነው።

መስፈርቱ ከዚያ ወዲህ በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተከልሷል። ለኦዲተር ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2015 ነው። የ2008ቱ እትም የጥራት ማኑዋል እና የግድ ተጽፈው መቀመጥ ያለባቸው ስድስት የአሠራር ሥርዓቶች ይኑሩ ይል ነበር። ኦዲተሩም «ማኑዋሉ የታለ? ስድስቱስ?» ብሎ ቼክሊስቱ ላይ ምልክት እያደረገ ማለፍ ይችል ነበር። የ2015ቱ እትም እነዚህን ግዴታዎች አነሣ። ድርጅቱ ሥጋቶቹን እንዲለይና ሥራው የታሰበለትን ውጤት እያመጣ መሆኑን እንዲያሳይ ጠየቀ። ይህ ለኦዲተር ይከብዳል። ሰነድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ሥጋት ግን የሚገኘው ሥራው ውስጥ ገብቶ ላየ ሰው ነው። ያም ሆኖ ወፍራሙን ማኑዋል ዛሬም ያልጣለ ድርጅት ብዙ ነው። ለምን ቢባል መልሱ «ኦዲተሩ ቢጠይቅስ?» ነው።

ማን ይከፍላል? ስንት ቀን ይታያል?

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አይኤስኦ ራሱ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም። ሥራው መስፈርት ማውጣት ነው። ሰርተፊኬቱን የሚሰጡት ለዚህ የተቋቋሙ ድርጅቶች ናቸው። እነሱን ደግሞ ብቃታቸውን መርምረው ዕውቅና የሚሰጡ የአክሬዲቴሽን አካላት ይቆጣጠራሉ። ሰርተፊኬት ሰጪዎቹ የሚመሩበት መስፈርት አይኤስኦ/አይኢሲ 17021-1 ይባላል። ይህ መስፈርት ሰርተፊኬት ሰጪው የማማከር ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። የውስጥ ኦዲቱን፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱን የሚያይበትን ኦዲት፣ የሠራለትን ደንበኛም ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሰርተፊኬት እንዳይሰጠው ያዛል። አንድ ሰው የፈተና መልስ አስጠንቶ ፈታኝ እንዳይሆን ነው ነገሩ።

ደንቡ ደህና ነው። ያልነካው አንድ ነገር ግን አለ። ኦዲተሩን የሚመርጠውም ሆነ የሚከፍለው ኦዲት የሚደረገው ድርጅት ነው። ካልተስማማው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መቅጠር ይችላል። ድሮ ገዢው ከኪሱ ከፍሎ ያይ የነበረውን፣ ዛሬ ሻጩ ከፍሎ ያሳያል።

ይህ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? በሕንድ ጉጃራት ግዛት የተደረገ ጥናት አለ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው አስቴር ዱፍሎ ናት። ጥናቱ የታተመው በ2013 ሲሆን፣ የተመለከተው የጥራት ሳይሆን የአካባቢ ብክለት ኦዲትን ነው። አወቃቀሩ ግን ያው ነው። ፋብሪካው ኦዲተሩን ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ሪፖርቱን ይቀበላል። በዚህ የተለመደ አሠራር ኦዲተሮቹ ከጭስ ማውጫ በሚወጣ ብናኝ ከገደቡ አልፈዋል ያሏቸው ፋብሪካዎች 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ሌላ ሰው ልከው ሲያስለኩ ግን 59 በመቶው ከገደቡ በላይ ሆኖ ተገኘ። የኦዲተሮቹ ቁጥሮች ከገደቡ ትንሽ ዝቅ ብለው ተከማችተው ነበር። ከዚያ በሌሎች ፋብሪካዎች ላይ አሠራሩ ተቀየረ። ኦዲተሩ በዕጣ ተመደበ፣ ክፍያው ከአንድ የጋራ ቋት ሆነ፣ ልኬቱም በድንገት በሌላ ሰው ይረጋገጥ ጀመር። ሪፖርቶቹ ወደ እውነቱ ቀረቡ። ይበልጥ የሚገርመው ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ብክለታቸውን መቀነሳቸው ነው።

ክፍያው ብቻም አይደለም፣ ጊዜውም አለ። የኦዲት ቀን የሚወሰነው በዋናነት በሠራተኛ ብዛት ነው። ለዚህ የወጣ ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ አለ። ለምሳሌ ከ46 እስከ 65 ሠራተኛ ላለው ድርጅት የመጀመሪያው ኦዲት መነሻ 5 ቀን ነው። ሰርተፊኬቱ ለሦስት ዓመት ይሠራል። በመሃል በየዓመቱ የክትትል ኦዲት ይደረጋል፤ የዚህ ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያው ኦዲት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሂሳቡን ሥሩት። ሃምሳ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሠራው ሥራ ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ይታያል። ከዚያ ላይ ዕቅድ ማውጫና ሪፖርት መጻፊያ ይቀነሳል። የመክፈቻና የመዝጊያ ስብሰባ ይቀነሳል። ኦዲተሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚያየው ናሙና ነው። ሪፖርቱ ላይም ይህንኑ ይጽፋል። ችግሩ ያንን መስመር የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው።

ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ከፊሉ ኦዲት በቪዲዮ ሆኗል። መንገድና ወጪ ይቆጥባል፣ ሰነድ ለማየትም ይመቻል። ካሜራው ግን የሚያየው የያዘው ሰው ያዞረበትን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ትክክል፣ ዕቃው ሌላ

በፈረንሳይ ፒአይፒ የሚባል፣ በጡት ውስጥ የሚተከል በጄል የተሞላ ሰው ሠራሽ ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ ነበር። የጥራት ሥርዓቱን በአውሮፓ ሕግ መሠረት የሚገመግመው ታዋቂው የጀርመን ድርጅት ቲዩቪ ራይንላንድ ነበር። ኩባንያው በሰነዱ ላይ ለሕክምና የተፈቀደ ጄል እጠቀማለሁ ይላል። በተግባር የሚሞላው ግን ርካሽ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ነበር። ኦዲተሮቹ የሚመጡበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ከዚያ በፊት መደበቅ ያለበት ሁሉ ይደበቃል። ጉዱ የወጣው በ2010 የፈረንሳይ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ሲገቡ ነው። እስከዚያ ምርቱ ወደ 300,000 በሚሆኑ ሴቶች ሰውነት ውስጥ ገብቷል ተብሎ ይገመታል። የኩባንያው መሥራች ዣን-ክሎድ ማስ በ2013 የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ከዚህ ጉዳይ እኔን የሚስበኝ ክርክሩ ነው። ኦዲተሩ የግዢ ደረሰኞችንና የርክክብ ወረቀቶችን ቢያገላብጥ ኖሮ ጄሉ ሌላ መሆኑን ያውቅ ነበር ተባለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 በሰጠው ውሳኔ፣ ገምጋሚው ድንገተኛ ፍተሻ የማድረግም ሆነ የንግድ መዝገቦችን የማየት አጠቃላይ ግዴታ አልነበረበትም አለ። የሚያስጠረጥር ማስረጃ ሲያገኝ ግን ዝም ማለት አይችልም አለ። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ ክፍተቱን ሊሞላ ሞከረ። ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ድንገተኛ ኦዲት ይደረግ ብሎ ደነገገ። ይህ ግን ለሕክምና መሣሪያ ነው። በተራው የአይኤስኦ 9001 ኦዲት ዛሬም እንግዳው ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው።

በጃፓን የኮቤ ስቲል ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ኩባንያው በ2017 የአሉሚኒየምና የመዳብ ምርቶቹን የፍተሻ ውጤት ደንበኛው ከጠየቀው ጋር እንዲገጥም ይቀይር እንደነበር አመነ። ከ500 በላይ ደንበኞች ተነኩ። የጥራት ሰርተፊኬት ያላቸው ፋብሪካዎች ነበሩት። «የፍተሻ ሪፖርት አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ኦዲተር እዚህ ቤት ምንም አያገኝም፤ ሪፖርቱማ ሞልቷል። መጠየቅ የነበረበት መለኪያ ማሽኑ የመዘገበው ቁጥርና ደንበኛው ጋር የደረሰው ቁጥር አንድ ነው ወይ የሚለው ነው።

የራሱ ጥቅም ያለበት ሰው ሲያይ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከአሜሪካ አንድ ማሳያ ልጥቀስ። በጆርጂያ ግዛት ብሌክሊ በምትባል ከተማ የለውዝ ፋብሪካ ነበር፤ ባለቤቱ ፒናት ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ ነው። በ2008 እና በ2009 ከምርቱ በተነሣ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ፋብሪካው በ2008 በራሱ ክፍያ ካስመጣው ኦዲተር ያገኘው ውጤት «እጅግ የላቀ» የሚል ነበር። ኔስሌ ግን በ2002 የራሱን ኦዲተሮች ወደዚያው ፋብሪካ ልኮ ነበር። አይተው ተመለሱ፣ ኔስሌም ከእነሱ አልገዛም አለ። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለና ልክ አንድ ነገር አዩ ማለት አይቻልም። ግን የኔስሌ ሰዎች ቢሳሳቱ ለውዙ የሚገባው በራሳቸው ምርት ውስጥ ነበር።

የውስጥ ኦዲት፣ የተናቀው ሥራ

እዚህ ላይ ነው የውስጥ ኦዲት የሚመጣው። አይኤስኦ 9001 በ9.2 አንቀጹ ማንኛውም ድርጅት ራሱን በታቀደ ጊዜ ኦዲት እንዲያደርግ ያስገድዳል። የውስጥ ኦዲተር የውጪው የሌለው ነገር ሁሉ አለው። ቤቱን ያውቃል። ያለ ቀጠሮ መግባት ይችላል። በሌሊት ፈረቃ፣ በወር መጨረሻ፣ ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት መምጣት ይችላል። ቀኑ የሚሰላው በሠንጠረዥ አይደለም። ውጤቱም ቢበላሽ የሚጎዳው የራሱን ድርጅት ነው። ገዢው ራሱ ሄዶ ያይ የነበረበት የድሮው መንፈስ አሁን የቀረው እዚህ ይመስለኛል።

በተግባርስ? ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ለጀማሪ ሠራተኛ በተጨማሪነት ይሰጠዋል። የሁለት ቀን ሥልጠና ይወስዳል። ከዚያ የምርት ኃላፊውን ኦዲት አድርግ ይባላል። ኃላፊው ነገ የእሱን የእድገት ፎርም የሚፈርም ሰው ነው። ልጁ ምን ይጽፋል? «አያያዙ ጥሩ ነው፣ የተወሰነ መሻሻል ቢደረግ» ብሎ ይወጣል። ልፍረድበት ብል አንጀቴ አይችልም። መስፈርቱ ኦዲተሮች ከአድልዎ የጸዱ ይሁኑ ይላል። የ2008ቱ እትም ደግሞ ኦዲተር የራሱን ሥራ ኦዲት አያድርግ ብሎ በግልጽ ጽፎት ነበር። የበላይ አመራሩ ልጁን ከኋላው ካልቆመለት ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ጊዜውም ሌላ ችግር ነው። ብዙ ድርጅት የውስጥ ኦዲቱን የሚያደርገው የውጪው ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ዓላማው ችግር መፈለግ መሆኑ ያበቃል። ቤት ማጽዳት ይሆናል።

ጥሩ ኦዲት ምን እንደሚመስል በምሳሌ ልሞክር። ኦዲተሯ ዕቃ በሚገጣጠምበት ክፍል ቆማ አንድ ሠራተኛ ሲሠራ ታያለች እንበል። ቼክሊስቷን አላወጣችም። ሠራተኛው ካሊፐር በሚባል ዲጂታል መለኪያ ውፍረት ይለካል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ዕቃውን ወደ ቀጣዩ ያሳልፋል። «ይሄን ላየው?» ትላለች። ካሊፐሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት የካሊብሬሽን (መለኪያው ልክ መሆኑ የሚረጋገጥበት) ቀኑ ከሦስት ወር በፊት ማለፉን ያሳያል። ሰነፍ ኦዲተር እዚህ ይቆማል። ጽፎ ይሄዳል፣ በማግሥቱ አዲስ ምልክት ይለጠፋል፣ ጉዳዩ ተዘጋ። እሷ ግን የካሊፐሩን መለያ ቁጥር ይዛ ወደ መለኪያዎች መዝገብ ትሄዳለች። ካሊፐሩ መዝገቡ ላይ የለም። የምልክቱን ወረቀት የለጠፈው ሻጩ ነው። ከዚያ ሦስተኛውን ጥያቄ ትጠይቃለች። በእነዚህ ሦስት ወራት በዚህ ካሊፐር ተለክቶ ለደንበኛ የተላከው የቱ ነው? መስፈርቱም ይህንን ይጠይቃል፤ መለኪያው ልክ ካልሆነ በፊት የተለካው ሁሉ እንዲታይ ያዛል። አሁን ነገሩ ከተለጠፈ ወረቀት አልፎ ደንበኛ እጅ ውስጥ ያለ ዕቃ ላይ ደርሷል። ይህ ሁሉ የወሰደባት አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው።

የተገኘውን መጻፍም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «የመለኪያ አያያዝ ደካማ ነው» የሚል ግኝት ለክርክር ይጋብዛል። «ደካማ ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል ኃላፊው፣ እውነቱን ነው። ጥሩ ግኝት ሦስት ነገር ይይዛል፤ ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ተገኘ፣ ማስረጃው የቱ ነው። «መመሪያው መለኪያዎች በየስድስት ወሩ ካሊብሬት ይደረጉ ይላል። በመገጣጠሚያ ክፍል ለመጨረሻ ፍተሻ የሚያገለግለው 14 ቁጥር ካሊፐር ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል፣ በመዝገቡም አልተካተተም።» እዚህ ላይ የሚያከራክር ቃል የለም። የሠራተኛው ስምም የለም፣ መኖርም የለበትም።

አለቆች ጋ ስንመጣ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። የግኝት ብዛት እንደ ጥፋት ይቆጠራል። «የማን ክፍል ስንት አገኘ?» ተብሎ በስብሰባ ይነበባል። አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ዜሮ ግኝትን የክፍሉ ዓመታዊ ግብ አድርጎ ከጉርሻ ጋር ያያይዘዋል። እንዲህ ያደረገ ድርጅት ዜሮውን ማግኘቱ አይቀርም። ሰው ችግሩን መደበቅ ይማራል፤ ኦዲተሩም ጓደኞቹን ጉርሻ ላለማስከልከል አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኔ አመራር ብሆን የምጠይቀው የተገላቢጦሹን ነው። ደንበኛ ቅሬታ ያቀረበበትን ጉዳይ የውስጥ ኦዲታችን ቀድሞ ያውቀው ነበር ወይ? ዓመቱን ሙሉ አሥር ቅሬታ መጥቶ ኦዲቱ አንዱንም ካልነካው፣ ኦዲቱ የሚያየው ሌላ ቤት ነው።

ከዚያ የማስተካከያ እርምጃው ይመጣል። እዚህ ላይ በብዛት የሚጻፈው መልስ «ሠራተኛው ዘንግቶ ነው፤ ምክር ተሰጥቶታል» የሚል ነው። ሁለተኛው የተለመደ መልስ «ሥልጠና ይሰጣል» ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው ምክር እዚህ ቦታ የሚረሳውን ያህል የትም አይረሳም። ካሊፐሩ ለምን መዝገብ ላይ አልገባም? የግዢ ክፍል ስላላወቀው። ለምን አላወቀም? ክፍሉ በጥቃቅን ወጪ ከሱቅ ስለገዛው። ለምን በዚያ መንገድ ተገዛ? በመደበኛው ግዢ ስለሚዘገይና ሥራ ስለሚቆም። ሠራተኛውን መቶ ጊዜ ብትመክረው ይህ አይለወጥም። መለወጥ ያለበት በጥቃቅን ወጪ የተገዛ መለኪያም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በመዝገቡ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ከተቻለም መደበኛው ግዢ ማጠር አለበት።

እርምጃው ተወሰደ ማለት ደግሞ ሠራ ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ አዲሱ መመሪያ በተፈረመበት ቀን ግኝቱ «ተዘግቷል» ይባላል። ኦዲተሯ ግን ከአራት ከአምስት ወር በኋላ ተመልሳ ወደ ሒሳብ ክፍል ብትሄድ ጥሩ ነው። የጥቃቅን ወጪ ደረሰኞችን ታገላብጥ። ከመመሪያው ወዲህ የተገዛ መለኪያ ካለ ቁጥሩን ይዛ መዝገቡን ትይ። እዚያ ካገኘችው ግኝቱን መዝጋት ትችላለች። አንድም መለኪያ ካልተገዛ ደግሞ መመሪያው ገና አልተፈተነምና ፋይሉ ክፍት ይቆይ።